ቦያካ የከለከለው ሰው

በ1973 ዓ.ም. ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ጸጉሬን አፍሮ አሳድጌ፣ ከቤት በቤልቦተም ሱሪ ወጥቼ ሥራ ቦታ ስደርስ ሰማያዊ ቱታ የምለብስ፣ የአርማታ ፓምፕ አንቀሳቃሽ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ያውም ዘግይቼ፤ ስለዚህ አጻጻፌ ቢያስቀይማችሁ እለፉት፣ ነገሩን ግን አትለፉት። ያስታወሰኝ ያለፈው ወር ነው። ቦሌ መድኃኔዓለም ተሳልሜ ስወጣ አንድ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ሥር ፓምፕ ቆሞ አርማታ ወደ ላይ ይገፋል። ቆሜ አየሁ። ዓይኔ ደክሟል፣ ጆሮዬ ግን ደህና ነው። ፓምፑ ሲምግ ድምፁ ተለወጠ፤ ምሳ የጠገበ ሰው እንደሚያቃስት ዓይነት። የራስ ቁር የደፋ ልጅ ኢንጂነር መጣና «ፋዘር፣ ዞር ይበሉ፣ እዚህ መቆም ሴፍ አይደለም» አለኝ። «ቱቦህ ሊዘጋብህ ነው» አልኩት። ሳቀ። «ሴንሰር አለው ፋዘር፣ ኖ ፕሮብሌም።» እሺ ብዬ ተሻግሬ ካፍቴሪያው ደጃፍ ተቀመጥኩ። ማኪያቶዬን ሳልጨርስ ፓምፑ ቆመ፤ ልጆቹ መዶሻ ፍለጋ ይሯሯጡ ጀመር። ለማኪያቶው የከፈልኩት ያን ጊዜ ቤተሰብ ሙሉ ሳምንት ያበላ ነበር፤ አልቆጨኝም። ደምሴ ትዝ አለኝ።

ቦሌ መንገድ ያን ጊዜ እንዲህ አልነበረም። መንገዱ ሰፊ፣ መኪናው ጥቂት፣ በየቦታው ቀይ ጨርቅና የመሪዎች ፎቶግራፍ የተሰቀለበት። ከወሎ ሰፈር ወዲያ ስትሄድ ባሕር ዛፍ፣ ከዚያ ሜዳ፤ አውሮፕላን ማረፊያው ጎን ላም ሲግጥ ታያለህ። ዛሬ የምታዩት ትልቁ ቤተክርስቲያን አልተሠራም። አያት የሚባለውማ፣ ገበሬ ጤፍ የሚዘራበት፣ ለእኛ ሌላ አገር ነበር። ጠዋት በአንበሳ አውቶቡስ ተጠቅጥቀን መጥተን ወሎ ሰፈር እንወርድና ከአንዲት የቆርቆሮ ሻይ ቤት ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ትኩስ ቦምቦሊኖ በአሥራ አምስት ሳንቲም እንገዛለን። ሬዲዮኑ ዜና ሲያነብ ሁላችን ዝም፣ ሳክስፎን ሲያነሳ ሁላችን ወዝወዝ። የሻይ ቤቷ ባለቤት የወታደር ኮት ደርባ ትሸጥ ነበር፤ ጋቢ ከኮት በላይ፣ ካልሲ ከነጠላ ጫማ ጋር። ልብስ ጠፍቶ እንጂ ፋሽን አልነበረም። ዛሬ በዚያ ቦታ ባንክ አለ። በመስታወቱ ራሴን አየሁና ይህ ሽማግሌ ማነው አልኩ።

ፓምፑን ያስተማረኝ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጣ አንድ ፈረንጅ ነው። አማርኛ አያውቅ፣ እኔ የሱን አላውቅ፤ ሁለት ወር በእጅና በመዶሻ ተነጋገርን። ቱቦውን ቆርቆር ያደርግና ጆሮውን ይጠቁመኛል። በአርማታ የተሞላ ደህና ቱቦ እንደ እንስራ ያስተጋባል፤ ጠጠር የታጨቀበት ቦታ እንደ አለት ዱ ብሎ ይቀራል። ግፊቱን የሚያሳየው ቀስት ሲወጣ ወደ ፊት መግፋት ትተህ ወደ ኋላ መልስ ይለኛል፣ በእጁ እንደ መቅዘፍ እያደረገ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ቦያካ። ቦያካ ማለት ሲሚንቶ በውሃ ቀጠን ተደርጎ የተበጠበጠ ነው፤ አርማታው ሳይገባ እሱን ቱቦው ውስጥ ታሳልፋለህ፣ የቱቦው ጉሮሮ ይርሳል። ደረቅ ቱቦ ውስጥ አርማታ ብትሰድ ቱቦው ውሃውን ይመጥና ጠጠሩ ብቻውን ይቀራል። ያን ጊዜ ታንቀዋለህ እንጂ አያልፍም። ፈረንጁ ሲሄድ መዶሻውን ትቶልኝ ሄደ። ሠራተኛው «በለጠ ፓምፕ» ይለኝ ጀመር። ወረቀት አልነበረኝም፤ እጅ ነበረኝ።

ደምሴ ወረቀት ነበረው። አሥራ ሁለተኛ ጨርሷል፣ የፖለቲካ ትምህርት ሰርተፊኬት አለው፣ የካኪ ልብሱ ሁልጊዜ የተተኮሰ። ከባሬላ ተቆጣጣሪነት ተነስቶ የሳይቱ የውይይት ክበብ ሊቀመንበርና ዋና ፎርማን ሆነ። ባሬላ በሁለት ሰው የሚያዝ አርማታ መሸከሚያ ነው፤ በእጅ በሚቦካ አርማታ ደምሴን የሚያህል አልነበረም፣ ይህን አልክድም። ግን እሱ የሚያውቀው አርማታ ሲከብድ ውሃ የሚጨመርበትን ነው፤ እንደ ወጥ። አንድ ቀን ጠዋት የሁለተኛውን ፎቅ ሶሌታ ልንሞላ ነው። ሶሌታ ያው የፎቁ ወለል ነው። ለቦያካ ሲሚንቶ ላስቀድድ ስል መጣ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ቦያካ።»

«ለምኑ?»

«ለቱቦው።»

«ሕዝቡ ሲሚንቶ አጥቶ ወረፋ ይዞ አንተ የብረት ቱቦ ታጥብበታለህ?» ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው፤ ሠራተኛው እንዲሰማ። «ሲሚንቶ የሕዝብ ነው ጓድ በለጠ!»

«ሕዝቡ ሶሌታ ከፈለገ ቱቦው ቦያካ ይፈልጋል» አልኩት። አንዳንዶቹ ሳቁ። ያች ሳቅ ናት ያጠፋችኝ። ደምሴ ፊቱ ጠቆረና በትእዛዝ ከለከለ። ፓምፑን አላስነሳም ልል ነበር፣ አለማለቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ አስነሳሁት። ዐሥር ደቂቃ አልሄደም። ቀስቱ ወጣ፣ ቱቦው እንደ እባብ ተወራጨ፣ ቆመ። ደምሴ ይህን ጊዜ «ውሃ ጨምሩበት!» ብሎ አርማታው የሚገባበት የፓምፑ ገንዳ ውስጥ በባልዲ አስገለበጠበት፤ የቀረውንም ለያየው፣ ጠጠሩ ታች ውሃው ላይ ሆነ። ሦስት ቱቦ አርማታው በውስጡ ደርቆበት ለቁራጭ ብረት ተጣለ።

በማግስቱ ስብሰባ ተጠራና ወረቀት ተነበበ። አንቀሳቃሹ በንቀትና በአሻጥር የመንግሥትን ንብረት አበላሽቷል፣ ገንዳው ውስጥ ትልቅ ድንጋይ ጨምሯል ይላል። ድንጋይ! ዛሬ አሻጥር የሚለውን ቃል ልጆቼ የኳስ ዳኛ ሲሰድቡበት እሰማለሁ። ያን ጊዜ ግን ይህች ቃል የተለጠፈችበት ሰው ማታ ቤቱ ላይገባ ይችላል። ስለ ቦያካው አንድ ሰው እንኳ አልመሰከረም፤ አልፈርድባቸውም፣ እኔም በነሱ ቦታ አልናገርም ነበር። ወረቀቱን «ፈርም፣ ይቀልልሃል» አለኝ ደምሴ። ማንበብ አልችል፣ አውራ ጣቴን አተምኩ። ቀበሌ አሥራ ሰባት ቀን ታሰርኩ። ስፈታ ማሽን አካባቢ እንዳልደርስ ተጽፎብኝ ባሬላ ላይ ተመደብኩ። ባለቤቴ ዘነበች ለስኳርና ለሳሙና የቀበሌ ሱቅ ስትሰለፍ «የአሻጥረኛው ሚስት» እያሉ ከወረፋው ወደ ኋላ ይገፏት ነበር። አንድ ቀን ሳሙና ሳትይዝ ተመልሳ ቱታዬን በአመድ አጠበችው። 

አራት ወር ባሬላ ተሸከምኩ። ጓደኛዬ ጉርሜሳ የሚባል የጫንጮ ሰው ነበር፣ ከኋላ እሱ፣ ከፊት እኔ። ፓምፑን ደምሴ ራሱ ያዘው። «ማሽን ያው ማሽን ነው» ብሎ። ቦያካውንም በኋላ አፍሮም ይሁን ተምሮ፣ ማንም ሳያይ በጠዋት ያስበጠብጥ ነበር። አያለሁ። ፓምፑ ትንንሽ ሥራ ላይ አላሳፈረውም። እኔ ግን በየቀኑ እንዲያሳፍረው እጸልያለሁ፣ እውነቱን ልናገር፤ መድኃኔዓለም እንዲህ ያለ ጸሎት ይሰማ አይሰማ አላውቅም። ጉርሜሳ «በለጠ፣ አንተ እኮ ባሬላውን ሳይሆን ደምሴን ነው የተሸከምከው፣ ከብዶሃል» ይለኛል። «አንተም ኋላውን ያዝ» እለዋለሁ። እንሳሳቃለን። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባል የለ፣ እውነት ነው፤ የወጋኝ ሰው በየጠዋቱ «እንዴት አደርክ ጓድ በለጠ» ብሎ ያልፈኝ ነበር፣ ምንም እንዳላደረገ።

የበዓል ሰሞን መጣ። የመጨረሻው ሶሌታ የሚሞላበት ቀን የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ከእንግዶች ጋር ይጎበኛል ተባለ። ሶሌታ የሞላ ዕለት በግ ማረድ የኛ የግንበኞች ወግ ነው፤ ሠራተኛው አዋጥቶ በጉ ከጠዋት ጀምሮ የአጥሩ ቆርቆሮ ሥር ታስሮ ይጮሃል። ፓምፑ በማለዳ ተነሳ፣ ግማሹ ሶሌታ በደንብ ሞላ። አራት ሰዓት ገደማ ላይ መኪኖች ገቡ። ደምሴ እጁን አነሳና ፓምፑን አስቆመው። ለምን ይመስላችኋል? ንግግር ሊደረግ ነው። የፓምፑ ጩኸት ንግግሩን እንዳይረብሽ።

አርማታ በተሞላ ቱቦ ፓምፕ አይቆምም። ግድ ከሆነ በየአምስት ደቂቃው ወደ ፊት ሁለቴ፣ ወደ ኋላ ሁለቴ ታንቀሳቅሰዋለህ፣ እንዳይተኛ። የዚያን ቀን ፀሐይ ደግሞ ቱቦውን እጅ እስኪያቃጥል አግላዋለች። ሥራ አስኪያጁ ተናገረ። እንግዳ ተናገረ። ደምሴ ኪሱን ዳብሶ ወረቀት አወጣ፤ እሱም ሊናገር ነው። እኔና ጉርሜሳ ባዶ ባሬላችንን ይዘን ከሰልፉ ጫፍ ቆመናል። ጉርሜሳ በክርኑ ጎሸመኝ።

«እየደረቀ አይደል?»

«እየደረቀ ነው።»

«ታዲያ ንገራቸዋ!»

«ምን ብዬ? አሻጥረኛው ንግግር አቋረጠ ይበሉኝ?»

«ሶሌታው ይበላሻል በለጠ።»

«ይበላሽ።»

ጉርሜሳ አየኝ። «ከልብህ ነው?»

«ከልቤ ነው» አልኩ። ነበርም። ደምሴ ስለ ምርታማነት ሲያነብ እኔ ደቂቃ እቆጥር ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ንግግር ያስደሰተኝ የለም፤ ይርዘም፣ ጨምር፣ በደንብ አስረዳ እያልኩ። አጨበጨብኩም። ከሁሉ በላይ ያጨበጨብኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ አለቀና ደምሴ ፓምፑን አስነሳ። እንግዶቹ ሊያዩ ቀርበዋል። አንድ ጊዜ ገፋ፣ ሁለት ጊዜ ገፋ፣ ቱቦው ተንፈራገጠ፣ ቀስቱ ጥግ ደረሰ፣ ሞተሩ አጓርቶ ዝም። እንደገና አስነሳ፤ እንደገና። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየ። ሶሌታው ላይ ያሉት ልጆች «አርማታ! አርማታ! ጠርዙ እየደረቀ ነው!» ይላሉ፤ ያ ጠርዝ ከደረቀ አዲሱ አርማታ አይያያዘውም፣ ሶሌታው ተሰንጥቆ ይቀራል። ደምሴ ላቡ በካኪው ወረደ። ቺያቬ የምንለውን የብሎን መፍቻ አንስቶ ከፓምፑ አጠገብ ያለውን የቱቦ መቆለፊያ ሊፈታ ጎንበስ አለ። ፊቱን ልክ መጋጠሚያው ላይ አድርጎ።

እዚህ ላይ እውነቱን ስሙ። ግፊቱ ወደ ኋላ ሳይመለስ ያንን መቆለፊያ የፈታ ሰው ጠጠሩ እንደ ጥይት ነው የሚያገኘው። ዝም ብል ኖሮ ደምሴ ዓይኑን፣ ምናልባትም ነፍሱን ያጣ ነበር። አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም አልኩ። ከዚያ «አትንካው!» ብዬ ጮህኩ። ሰዎች በኋላ ደግ ነህ አሉኝ። ደግነት አልነበረም። ቢሞት በሥራ ላይ የወደቀ ጀግና ተብሎ በቀይ ጨርቅ ይቀበራል፣ የእኔ ስም ደግሞ አብሮት ይቀበራል። ቆሞ ነበር የምፈልገው፣ አፉም ደህና ሆኖ።

ሥራ አስኪያጁ ዞረ። «ማነህ አንተ? ምን ታውቃለህ?»

«ባሬላ ተሸካሚ ነኝ ጓድ። ግፊቱ ሳይበርድ ቢፈታው ይገድለዋል።»

ጉርሜሳ ከኋላዬ «ፓምፑ የሱ ነበር እኮ!» አለ። እግዜር ይስጠው።

«ታዲያ ምን ትገተራለህ? ና ሥራው!» አለኝ ሥራ አስኪያጁ።

ባሬላውን ገለበጥኩና ተቀመጥኩበት። «አልችልም ጓድ። ማሽን አጠገብ እንዳልደርስ በወረቀት ታስሬአለሁ። አሻጥረኛ ነኝ። ያሰረኝ ይፍታኝ።»

«ማነው ያሰረህ?»

ደምሴን በጣቴ አላሳየሁም። አየሁት ብቻ። ሁሉም አብሮኝ አየው። ደምሴ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «በለጠዬ፣ ይኼ አሁን ጊዜው ነው? አርማታው እኮ እየ...»

«እየደረቀ ነው። አውቃለሁ። ግማሽ ሰዓት አለህ። ከዚያ በኋላ እኔም አልረዳህም።»

«ምን ልበል?»

«ያደረግከውን።»

በጉ ይጮሃል። ደምሴ ሥራ አስኪያጁን አየ፣ ቱቦውን አየ፣ በቀስታ «ያን ጊዜ ቦያካውን የከለከልኩት እኔ ነኝ» አለ።

«አልሰማሁም» አልኩት።

«እኔ ነኝ የከለከልኩት!»

«ሶሌታው ላይ ያሉት አልሰሙም። እነሱም በዚያ ስብሰባ ላይ ነበሩ።»

በየሳምንቱ ቅዳሜ እሱ ሊቀመንበር ሆኖ እኛን ሂስና ግለ ሂስ ሲያስደርገን የኖረ ሰው አንገቱን ወደ አራተኛ ፎቅ ቀና አድርጎ ጮኸ፤ «ቦያካ የከለከልኩት እኔ ነኝ! ድንጋይ አልነበረም! በለጠ ድንጋይ አልጨመረም!» ድምፁ መጨረሻ ላይ ተሰበረ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ስንት ዓመት ሆነ፣ ያ ቅቤ እስከ ዛሬ አልቀለጠም። ከላይ አንዱ «እናውቃለን!» ብሎ መለሰና ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ፣ ሥራ አስኪያጁ ሳይቀር አፉን በእጁ ያዘ።

ተነሳሁ። ፓምፑን ወደ ኋላ አስመለስኩት፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ ቀስቱ ወረደ፣ ቱቦው ተነፈሰ። ፈረንጁ የተወልኝን፣ ጉርሜሳ ሮጦ ያመጣልኝን መዶሻ ተቀብዬ በቱቦው መስመር ሄድኩ፤ እንስራ፣ እንስራ፣ እንስራ፣ ወደ ላይ የሚታጠፍበት ጋ ስደርስ ዱ። እዚያ ነበር። መቆለፊያውን ፊቴን አዙሬ ፈታሁት፣ የታጨቀውን በብረት ዘንግ ወግቼ አወጣሁት፤ እጅ የሚያህል ጠጠር፣ እንደ ቆሎ የደረቀ። አምስት ቱቦ ፈትተን የተኛውን አርማታ ሁሉ ደፋን፣ በውሃ አጠብን፣ መልሰን ገጠምን። ከዚያ ቆም አልኩና «ሲሚንቶ» አልኩ። ከረጢቱን ተሸክሞ ያመጣው ራሱ ደምሴ ነው፤ አላዘዝኩትም። ቦያካው ሄደ፣ አርማታው ተከተለ። ላይ ያሉት ጠርዙን በእርጥብ ጆንያ ሸፍነው ጠብቀው ነበር፣ ተያያዘ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሶሌታው ሞላ። ጥብሱን ስበላ ሥራ አስኪያጁ በትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብሎ «ነገ ጠዋት ቢሮ ና። ቃልህን ትሰጣለህ። በሱ ላይ ምን እንደሚጻፍ ካንተ ነው የምንሰማው» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ያን ጊዜ ለኖረ ሰው አይነገርም።

ቤት ገብቼ ለዘነበች ነገርኳት። እግሯን እየታጠበች ነበር፤ ሳፋው ውስጥ እንደነከረች ቀረች። «አንድ ቃል ይበቃዋል፣ እሱ ላንተ ያላትን» አለች። «ለሱ ሚስት ደግሞ የወረፋውን ጭራ አሳያታለሁ።» አልተቆጣኋትም። እኔም የማስበው እሱኑ ነበር። ሰው ቂሙን ተወ ሲሉኝ አላምንም። ቂም አይተውም፤ መክፈያው ይመረጣል እንጂ። ደምሴ አሁን አያት ኮንዶሚኒየም ይኖራል አሉ፣ ልጁ ጋ። ዕድሜ ይስጠው እላለሁ። እንዳይረሳ።

በማግስቱ ጠዋት ዘበኛው በሩን ሳይከፍት ቢሮው ደጃፍ ደረስኩ። ጸሐፊዋ የጽሕፈት መኪናዋን ወረቀት አጉርሳ አዘጋጀች። ሥራ አስኪያጁ «እህ፣ አሻጥር ነው?» አለኝ። «አይደለም ጓድ። አሻጥር እውቀት ይፈልጋል። ጓድ ደምሴ ስለ ፓምፕ ምንም አያውቅም ብላ ትጻፍ። አለማወቅ ነው ብላ ትጻፍ።» ጻፈች። ሁለት ጊዜ አስነበብኳትና አተምኩ። «ሌላ የምትፈልገው አለ?» አለኝ። «ረዳት እፈልጋለሁ፣ እሱኑ» አልኩ። ስወጣ ደምሴ አጥሩ ሥር ቆሞ ነበር፣ ሌሊቱን እንዳልተኛ ያስታውቃል፣ ካኪው አልተተኮሰም። «ምን ብለህ ጻፍክብኝ በለጠ? አሻጥረኛ?» ከንፈሩ ደርቋል። «አያውቅም ብዬ» አልኩት። ከመታሰሩ ይልቅ ይኼኛው እንደወጋው ፊቱ ላይ አየሁት፤ አንገቱን ደፋ። የቦያካውን ባልዲ በእጁ አስያዝኩትና ውሃ እንዲቀዳ ወደ ቧንቧው ላክሁት።